አምስት ዓመት የፈጀው «ትናንት»

ስለ መምህራን ጽናት በተወራ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ አንድ እስፓንያዊ መነኩሴ አለ፤ ፍራይ ሉዊስ ደ ሌዎን ይባላል። «ፍራይ» በአገሩ ቋንቋ ወንድም እንደ ማለት ሲሆን የመነኩሴ መጠሪያ ነው። የአውግስጢኖስ ማኅበር አባልና በሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ የመጻሕፍት መምህር የነበረው ይህ ሰው ወደ አምስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ታስሮ ሲፈታ፣ ወደ ማስተማሪያው አዳራሽ ገብቶ፣ ትናንት እንዳልነው ብሎ ትምህርቱን ካቆመበት ቀጠለ ይባላል።

ወሬው ያምራል። ነገር ግን በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው መጀመሪያ በ1623 ነው፤ መነኩሴው ከሞተ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።) ብሎት ይሆናል፣ ላይለውም ይችላል። ጉዳያችሁ በመታየት ላይ ነው የሚለውን መልስ መስማት ለለመድን ለእኛ ግን ከዚያች ቃል ይልቅ የተዘለሉት ዓመታት ያሳስቡናል።

ሉዊስ በ1527 ገደማ ቤልሞንቴ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው ነበር። ከቅድመ አያቶቹ መካከል ክርስትና የተቀበሉ አይሁድ ነበሩ፤ ይህም በዚያ ዘመን እስፓንያ ትንሽ ነገር አልነበረም። ዘሩ እንዲህ የሆነ ሰው ሃይማኖቱ ምንጊዜም በጥርጣሬ ይታይ ነበርና። በ1544 መነኮሰ፣ በ1561 በሳላማንካ የነገረ መለኮት ወንበር አገኘ። ወንበር የሚገኘው በውድድር ሲሆን ድምፅ የሚሰጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። አውግስጢናውያንና ዶሚኒካውያን ለየወንበሩ ይሻኮቱ ነበር፤ የተሸነፈም ሽንፈቱን ቶሎ አይረሳም።

ጠቡ በመጽሐፍ ንባብ ምክንያት ተነሣ። የትሬንት ጉባኤ በ1546 ቩልጋታ የሚባለውን የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ የታመነ ንባብ ብሎ አጽድቆ ነበር። ሉዊስ ይህን አልካደም፤ ሆኖም አንዳንዱ ስፍራ ከዚያ በተሻለ ሊተረጐም ይችል ነበር፣ ዕብራይስጡ የበለጠ ግልጽ የሚሆንበት ቦታም አለ ብሎ አስተማረ። የአገራችን መምህር ግእዙን አንብቦ አንድም እያለ በአማርኛ ሲተረጉም የሰማ ሰው፣ ይህ ምኑ ያስከስሳል? ይል ይሆናል። በዚያች እስፓንያ ግን ያስከስስ ነበር።

ሌላም ነገር ተጨመረ። ኢሳቤል ኦሶርዮ የምትባል መነኩሲት መኃልየ መኃልይን ለመረዳት ፈለገች፤ ላቲን ግን አታውቅም። ሉዊስም ከዕብራይስጡ ቃል በቃል ወደ አገሩ ቋንቋ መልሶ፣ ምሥጢራዊው ትርጓሜ እንዳለ ሆኖ የንባቡ ፊተኛ መልክ የእረኛና የወዳጁ ንግግር መሆኑን አብራርቶ ሰጣት። በሕዝብ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ቅዱስ በ1559 በወጣው የክልክል መጻሕፍት ዝርዝር ታግዶ ስለ ነበር፣ አንብባ እንድትመልስለት ነበር የሰጣት። መለሰችለትም። ዳሩ ግን ክፍሉን የሚያጸዳለት አንድ መነኩሴ ከጠረጴዛው አንሥቶ ገለበጠው። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ሄደ፤ መልሶ ሊሰበስበው የሚችል አልነበረም። በእጅ ጽሑፍ የሚዘዋወር ነገር እንዴት እንደሚባዛ ለዚህ ገጽ አንባብያን ማስረዳት አያሻንም።

ሌዎን ደ ካስትሮ የሚባል የሳላማንካ መምህር ነበር። መምህራኑ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ እትም ለማረም በተሰበሰቡበት ጊዜ ሁለቱ ተጋጩ፤ ሉዊስም ተቈጥቶ፣ ካስትሮ ስለ ኢሳይያስ የጻፈውን መጽሐፍ አስቃጥለዋለሁ ብሎ ዛተበት። ገር ሰው አልነበረም፤ አፉ ይናደፍ ነበር። ካስትሮና ዶሚኒካዊው ባርቶሎሜ ደ ሜዲና ግን ነገሩን በክርክር አልተዉትም፤ ኢንኩዊዚሲዮን ለሚባለው የሃይማኖት መርማሪ ፍርድ ቤት አቀረቡት። በመጋቢት 1572 ሉዊስ ተይዞ ቫላዶሊድ ወኅኒ ገባ። በዚያው ወር ሁለት የሥራ ባልደረቦቹም ተያዙ፤ ጋስፓር ደ ግራኻልና የዕብራይስጡ መምህር ማርቲኔስ ደ ካንታላፒየድራ።

በዚያ ፍርድ ቤት ተከሳሹ የመሰከረበትን ሰው ስም አይነገረውም። ቃሉ ይነበብለታል፣ ተናጋሪው ይደበቅበታል። ሉዊስ ጠላቶቹ እነማን ሊሆኑ እንደሚችሉ በግምት እየዘረዘረ መልስ ጻፈ፤ የካስትሮንና የሜዲናን ስም አልሳተም። ወረቀት በቁጥር እየተሰጠው ገጽ በገጽ ተከራከረ። መጻሕፍት ለመነ፣ ምግብ የሚቈርጥበት ቢላዋ ለመነ፣ ለልቡ ሕመም የሚሆን ዱቄት መድኃኒት ለመነ። ጉዳዩ ይፋጠንልኝ እያለ ደጋግሞ አመለከተ። ዓመታቱ ግን ነጐዱ። ከኦሱና የመጣው ሌላው እስረኛ መምህር አሎንሶ ጉዲየል በ1573 እዚያው ሞተ፤ ግራኻልም በ1575 ሳይፈረድለትና ሳይፈረድበት ሞተ።

በ1576 መስከረም የቫላዶሊድ ዳኞች በአብላጫ ድምፅ ሉዊስ እየተሠቃየ እንዲመረመር ወሰኑ። የበላዩ ሸንጎ ውሳኔውን ሽሮ በታኅሣሥ በተግሣጽ እንዲለቀቅ አዘዘ፤ የመኃልዩ የእስፓንያ ትርጉም ግን እንዲወረስ ፈረደ። ወሩ ሳያልቅ መምህሩ በከበሮና በመለከት ታጅቦ ሳላማንካ ገባ።

ወንበሩን ግን ሌላ ሰው ይዞት ነበር። ሉዊስም አልጠየቀውም፤ ዩኒቨርሲቲው ሌላ የማስተማሪያ ሰዓት ከፈተለት። እንግዲህ ትናንት የተባለው ትምህርት በቀድሞው ወንበር ላይ አልቀጠለም። የመጽሐፍ ቅዱስን ወንበር በ1579 በውድድር አሸንፎ ያዘ፣ እስኪሞትም አልለቀቀም። በ1580 መኃልዩን እንደገና ተረጐመ፤ አሁን ግን በላቲን። በ1583 ደግሞ በእስር ቤት የጀመረውን «ስለ ክርስቶስ ስሞች» የተባለውን መጽሐፍ በሕዝቡ ቋንቋ አሳተመ፤ ቅዱስ ነገር በዚህ ቋንቋ ለምን ይጻፋል ለሚሉትም በመጽሐፉ ውስጥ መልስ ሰጠ። እንደዚያ ከከረመ በኋላ ይህን ማድረጉ ከተረቱ ቃል ይልቅ ያስደንቀናል። በ1582 እንደገና ተከሰሰ፤ በዚያኛው ግን ምክርና ተግሣጽ ብቻ አገኘው። በነሐሴ 1591 የማኅበሩ የካስቲል አለቃ ሆኖ በተመረጠ በዘጠነኛው ቀን ማድሪጋል በምትባል ከተማ ዐረፈ። ለመነኩሲቷ የጻፈው ትርጉም የማተሚያ ቤት ደጃፍ የረገጠው በ1798 ነው።

ካንታላፒየድራ በ1577 ተፈታ። ግራኻል ከክሱ ነጻ ነው የሚለው ብይን የተሰጠው ደግሞ በ1578 ሲሆን፣ እሱ ከሞተ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር።