ስለ ዳክዬ አዳኞች ታንኳ

ታንኳ ሰውን ከዳር ወደ ዳር ለማሻገር፣ ዓሣ ለማጥመድና ዕቃ ለማመላለስ የተሠራች ናት፤ ይህን ሁሉ ስትፈጽም መታየቷ አይጐዳትም። ዳክዬ ለማደን የምትወጣ ታንኳ ግን ሌላ ጠባይ ያስፈልጋታል፤ ይኸውም አለመታየት ነው። የዳክዬ ዓይኖች በራሱ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ስለ ሆኑ ዙሪያውን ሁሉ ለማየት ጥቂት ብቻ ይቀረዋል፤ በውኃ ላይ ከፍ ብሎ የቆመ እንግዳ ነገር ባየም ጊዜ አዳኙ ሳይቀርበው ተነሥቶ ይበራል። ስለዚህ የዚህች ታንኳ ታሪክ፣ ሰው ራሱን ከወፍ ዓይን ለመሰወር ሲል ሳንቃን እንዴት አድርጎ እንደ ለዋወጠ የሚናገር ታሪክ ነው። ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እናስቀምጣለን።

ነገሩ ጥንታዊ ነው። በግብፅ በቴቤስ ከነባሙን መቃብር የተወሰደው፣ ዛሬም በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው ሥዕል ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ1350 ዓመት ገደማ የተሣለ ነው። ነባሙን በደንገል ታንኳ ላይ ቆሞ፣ ባንድ እጁ የሚወረወር ዱላ ይዞ፣ በሌላው እጁ ወፎች አንጠልጥሎ ይታያል። የጣናን የደንገል ታንኳ የሚያውቅ ሰው ያን ሥዕል ሲመለከት እንግዳ አይሆንበትም። ነገር ግን ነባሙን ቁመቱን ሁሉ ለወፎቹ ገልጦ ቆሟል፤ ሠዓሊው ጌታውን ለማክበር ብሎ እንዲህ አደረገው እንጂ የግብፅ አዳኝ ሁሉ እንዲህ ያድን ነበር ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ጠመንጃ ከመጣ በኋላ የታንኳይቱ መልክ ፈጽሞ ተለወጠ። በ1809 በስጳንያ በታላቬራ ጦርነት የቈሰለው እንግሊዛዊው ኮሎኔል ፒተር ሆከር በ1814 ለወጣት አዳኞች የሚሆን መጽሐፍ አሳተመ፤ በእንግሊዝ የባሕር ዳር ረግረግ ስለሚደረገው የዳክዬ አደንም ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል። የእነዚህ አዳኞች ጀልባ ፐንት ትባላለች፤ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ጐኗ ዝቅተኛ፣ ወርዷ ጠባብ ነው። አዳኙ በደረቱ ተኝቶ በትንሽ መቅዘፊያ ቀስ እያለ ይገፋታል። በፊቷ ላይ ሰው በትከሻው ሊሸከመው የማይችል ትልቅ ጠመንጃ ተጋድሟል፤ ሲተኰስ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ግፊት ገመድ ተቀብሎ ለጀልባይቱ ያስተላልፈዋል። ማነጣጠር የሚቻለውም ጀልባይቱን ራሷን በማዞር ነው። እንግዲህ ይህች ጀልባ የመድፍ ሠረገላ ሆነች ብንል አናጋንንም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ የሚያስደስተው በአሜሪካ በኒው ጀርሲ የተሠራው ነው። በዚያ ባርኔጋት የሚባል፣ ከውቅያኖስ በቀጭን የአሸዋ ደሴት የተለየ፣ ዙሪያው የጨው ረግረግ የሆነ ጥልቀት የሌለው ባሕረ ሰላጤ አለ። በ1836 ገደማ በዌስት ክሪክ መንደር የሚኖር ሄዘልተን ሲማን የሚባል ጀልባ ሠሪ፣ ራሱም አዳኝ የነበረ፣ ለገዛ ራሱ አዲስ ዓይነት ጀልባ ሠራ። እርሱ «የሰይጣን የሬሳ ሣጥን» አላት፤ ጎረቤቶቹ ግን ስኒክቦክስ፣ ማለት «ተደብቆ የሚሄድ ሣጥን» ብለው ጠሯት፤ የጸናውም ይህ ስም ነው።

ርዝመቷ 12 ጫማ ያህል፣ ማለት 8 ክንድ ነው፤ ወርዷ 4 ጫማ፣ ጥልቀቷም ከአንድ ክንድ ያነሰ ነው። ከቀላል ነጭ ዝግባ ተሠርታ ሆዷ ወደ ጠፍጣፋነት የቀረበ፣ ፊቷም እንደ ማንኪያ ጀርባ ወደ ላይ የቀና ስለ ሆነ፣ በጥቂት ውኃና በጭቃ ላይ ያለ ችግር ትንሸራተታለች። ላይዋ በሳንቃ ተከድኖ መካከሉ ብቻ ሰው እስኪያስገባ ድረስ ተከፍቷል፤ ክዳኑም ጐበጥ ያለ ስለ ሆነ ማዕበል ቢወጣበት ወደ ጐን ይፈስሳል። የመቅዘፊያው ማቀፊያ እንኳ ከሳንቃው በላይ ቆሞ እንዳይታይ ታጥፎ ይተኛል። በኋላዋ በኩል ከእንጨት ተቀርጸው ቀለም የተቀቡ ዳክዬዎች የሚጫኑበት ቦታ አለ፤ አዳኙ እነዚህን በውኃው ላይ ይበትናቸዋል፤ ሕያዋኑም ባልንጀሮቻችን ናቸው ብለው ይወርዳሉ። ውኃው በረዶ በሆነ ጊዜ ጐትቶ ለማሳለፍ ከሆዷ በታች ቀጫጭን እንጨት ይገጠምላታል።

ይህ ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ አዳኙ የረግረጉን ሣር በክዳኗ ላይ ያነጥፍና በውስጧ ይተኛል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ሰሙ ሣር፣ ወርቁ ሰው ነውና፤ ዳክዬውም ሰሙን ብቻ ያያል።

ጀልባይቱ ለአደን ብቻ አልቀረችም። ናትናኤል ቢሾፕ የሚባል መንገደኛ በ1875 ክረምታቸው በገባ ጊዜ ከፒትስበርግ ተነሥቶ፣ በኦሃዮና በሚሲሲፒ ወንዞች ወርዶ፣ በ1876 ፍሎሪዳ ደረሰ። 2,600 ማይል፣ ማለት 4,200 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በአንዲት ስኒክቦክስ እየቀዘፈ ሄደ፤ ማታም ክዳኗን ከላዩ መልሶ በውስጧ ይተኛ ነበር። የጕዞውን ታሪክ በ1879 አሳትሟል።

እስከዚህ ድረስ አንድ ሰው ከአንድ ጠመንጃ ጋር ብርድ ታግሦ ይተኛ ነበርና ነገሩ ልክ ነበረው። ልኩን ያለፈው ባትሪ ወይም ሲንክቦክስ የሚባለው ነው። ይህ ጀልባ ከመባል ይልቅ የሬሳ ሣጥን ቢባል የሚገባው ነው። በጥልቅ ሣጥን ዙሪያ ሸራ የተወጠረባቸው ሰፋፊ ክንፎች ተዘርግተው በውኃ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ከብረት የተሠሩ ዳክዬዎች በላያቸው እየተጫኑ ሣጥኑ አፉ ከውኃው ጋር እስኪተካከል ድረስ ይሰጥማል። አዳኙ በጀርባው ተኝቶ ከውኃው በታች ይሆናል፤ በዙሪያውም በመቶ የሚቈጠሩ የእንጨት ዳክዬዎች ይሰፍራሉ።

የኒው ዮርክ መንግሥት በ1838 ይህን መሣሪያ በሕግ ከለከለ። አዳኞቹ ግን ፊታቸውን በጭምብል ሸፍነው ማደናቸውን ቀጠሉ፤ የሚጠቁምባቸውንም ሰው እንገድላለን ብለው ዛቱ፤ ሕጉም ብዙ ሳይቈይ ተሻረ። ከወፍ ዓይን መሰወር የለመደ ሰው ከዳኛ ዓይን መሰወር አላስቸገረውም።

ከዚያ በኋላ መሣሪያው የሳስክዌሃና ወንዝ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ በረታ። በዚያ በውኃ ውስጥ የሚበቅል ሣር አለ፤ ካንቫስባክ የሚባለው ዳክዬም ይህን እየበላ ሥጋው ስለሚጣፍጥ በባልቲሞርና በፊላደልፊያ ሆቴሎች እጅግ ይፈለግ ነበር። የምድር ባቡር ከገባ ወዲህ የተገደለው ሁሉ ሳይበላሽ ሩቅ ከተማ ይደርሳል። በእኔ አስተያየት ጥፋቱን ያመጣው የሣጥኑ ብልኀት ብቻ አይደለም፤ ከጀርባው የቆመው ገበያ ነው። ለቤቱ የሚያድን ሰው ሲበቃው ይመለሳል፤ ለገበያ የሚያድን ግን በቃኝ የሚልበት ቍጥር የለውም።

ሕግም በመጨረሻ ገበያውን ያዘ። በ1900 የወጣው የሌሲ ሕግ ያለ ፈቃድ የታደነ ወፍ ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይጓዝ ከለከለ። ነገር ግን ዳክዬ ወሰን አያውቅም፤ በአውሮፓና በእስያ የሚራቡ ዳክዬዎች የብርዱን ወራት በእኛ ሐይቆች እንደሚያሳልፉ ሁሉ፣ የአሜሪካዎቹም በካናዳ ተወልደው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ስለዚህ በ1916 አሜሪካ ስለ ካናዳ ከቆመችው ከታላቋ ብሪታንያ ጋር ተዋዋለች፤ በ1918 ሕግም የዱር ዳክዬ መሸጥ ቀረ። በ1934 አዳኝ ሁሉ የአንድ ዶላር ቴምብር እንዲገዛ ተደረገ። በ1935 ደግሞ ሲንክቦክስ፣ በሕያው ዳክዬ ማባበልና እህል በትኖ መጥራት ተከለከሉ። እንግሊዝም የጠመንጃውን አፍ ለካች፤ በ1981 ሕግ ከ1¾ ኢንች የሰፋ አፈሙዝ በወፍ ላይ እንዳይተኰስ ወስናለች።

ዛሬ ብዙ አዳኝ ከአሉሚኒየም የተሠራ ትንሽ ጠፍጣፋ ጀልባ ገዝቶ በገዛ እጁ ይለውጠዋል። የሣር ቀለም ይቀባዋል፤ በዙሪያው የቧንቧ ክፈፍ አቁሞ በሣርና በመረብ ይሸፍነዋል፤ ለውሻውም መቆሚያ ያበጅለታል። ከሲማን ሥራ ጋር ሲነጻጸር ግን አንድ ነገር ተረስቷል። ሲማን ሰውየውን አስተኝቶ ከውኃው ጋር አስተካከለው፤ የዛሬው ግን ሰውየውን አስቀምጦ ግድግዳውን ወደ ላይ ያነሣል። ግድግዳው እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል፤ ሞተሩና ጭነቱ የኋላውን ያሰጥማሉ፤ ሁለት ሰዎች ለመተኰስ ባንድ ጐን ብድግ ሲሉ ጀልባይቱ ትገለበጣለች፤ በዚያ ወራት ውኃው ሰውን በጥቂት ደቂቃ የሚያደነዝዝ ነው። ክፈፉን በጕዞ ጊዜ አጥፎ ማስተኛት፣ ከባዱን ዕቃ ከመካከል ዝቅ አድርጎ መጫን፣ የሚያንሳፍፍ ልብስም ከትከሻ አለማውለቅ የግድ ነው።

ሞተሩም ቢሆን አዳኙን እስከ ስፍራው ለማድረስ እንጂ ወፍ ለማባረር አልተፈቀደለትም። በአሜሪካ ሕግ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሸራም ካላት ተጠቅልሎ፣ ጀልባይቱ ከዚያ ባገኘችው ኀይል መሄዷን እስክታቆም ድረስ መተኰስ ክልክል ነው። በመቅዘፊያ እየገፋ የሚቀርብ ግን እንደ ቀድሞው ይቀርባል።