ሶሪት፦ የምኒልክን ስም የያዘችው ወፍ

በአሜሪካና በአውሮፓ ዙ በሚባሉት የአራዊት ማቆያዎች፣ የወፎቹ ቤት ውስጥ፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የምትሮጥ አረንጓዴ ወፍ ታጋጥማለች። ጉንጯ ላይ ነጭ ምልክት አላት፤ ክንፏን ስትዘረጋ ደም የመሰለ ቀይ ብልጭ ይላል። ሰሌዳው ባለ ነጭ ጉንጭ ቱራኮ ይላታል። አገር ቤት ግን ሶሪት ናት፤ ጥድና ዝግባ፣ ሾላም ባለበት የደጋ ደን የምትኖር። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ በተፈጥሮ የምትገኘው በደቡብ ሱዳን ጠረፍ ብቻ ነው።

ለሳይንስ ያስመዘገባት ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሰሜን ኢትዮጵያን ዞሮ ሲመለስ፣ በ1835 ስለ እርሷ ጽፎ አሳተመ። "አገኛት" ይባላል፤ ባላገሩ በየማለዳው ጩኸቷን ሲሰማ ጠፍታ የኖረች ይመስል!

በ1869 ደግሞ አርተር ቸርች የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት የቱራኮዎችን ቀይ ላባ መርምሮ አንድ ጉድ አወጣ። ቀለሙ ውስጥ መዳብ አለ፤ ያውም ከመቶ 6 ያህል። ላባው ሳሙና በገባበት ውሃ ቢዘፈዘፍ ቀለሙን ይለቃል። በእንስሳት ዓለም እንዲህ ያለ ቀለም ከቱራኮዎች ሌላ እምብዛም አይታወቅም።

ሶሪት አንዲት የቅርብ ዘመድ አላት፤ እርሷ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም የለችም። ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በ1893 በደቡብ ኢትዮጵያ ዝሆን ገደለው። ከጓዙ መካከል የዚህች ወፍ ቆዳ ተገኘ፤ የት እንደ ተያዘች ግን አልተጻፈበትም። በ1896 በሟቹ ስም ተሰየመች። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች መኖሪያዋን ያገኙት በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሬሮ አካባቢ ነው። ዛሬ ደኗ እየተመነጠረ ነው፤ በአንዳንድ ስፍራም ሶሪት እየመጣች ስለምትዳቀላት ዘሯ እንዳይጠፋ ያሰጋል።

በ1947 ሃንስ ፎን ቦቲኸር የተባለ ጀርመናዊ ሁለቱን ዘመዳሞች ከሌሎቹ ለይቶ ምኒሊኮርኒስ አላቸው። ኦርኒስ በግሪክ ወፍ ነውና "የምኒልክ ወፍ" ማለት ነው። የሚቀበለው ጠፍቶ ስሙ ብዙ ዘመን ተረስቶ ቆየ፤ በ2020 የወጣ የዘረመል ጥናት ሁለቱ በእርግጥም የተለዩ መሆናቸውን ሲያሳይ እንደገና ተነሣ። በአንዳንድ ሰሌዳ ላይ ግን አሮጌው ስም እስካሁን ሊኖር ይችላል።

በየማቆያው ካሉት ብዙዎቹ እዚያው ባዕድ አገር የተፈለፈሉ ናቸው። የሚበሉት የተከተፈ ፍራፍሬ ነው፤ ጥድም ዝግባም አያውቁም። አሯሯጣቸውና ጩኸታቸው ግን ያው የደጋው ነው።