ሁለት ሃርድ ዲስክ ያለው ኮምፒዩተር አልነሳ ሲል

ኮምፒዩተር አልነሳ ሲል በየቢሮው መጀመሪያ የሚሰማው «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል» ወይም «ፎርማት መደረግ አለበት» የሚል ፍርድ ነው። ኮምፒዩተሩ ከአንድ በላይ ሃርድ ዲስክ ካለው ግን ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ችኮላ ነው። ዲስኩ ደህና፣ ሰነዱ በቦታው፣ ዊንዶውሱም ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ኮምፒዩተሩ ከየት እንደሚጀምር ስለጠፋው ብቻ ቀጥ ሊል ይችላል። ፎርማት የተደረገ ዕለት ግን እስከዚያ ያልጠፋው ሰነድ ይጠፋል።

አዲስ አበባ ላለ ባለሙያ ጉዳዩ የግማሽ ቀን ጣጣ ነው። አንዱ ጠጋኝ ካላስደሰተው ወደ ሌላው ይሄዳል። በዋግ ኽምራ ግን እንዲህ አይደለም። ፃግብጂ ውስጥ ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተሩ እምቢ ካለው ወደ ሰቆጣ የሚሄድ መኪና መጠበቅ አለበት። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት የፃግብጂና የአበርገሌ ወረዳዎች ነዋሪዎች ተፈናቅለው ሰቆጣ ተጠልለው ነበር፤ መብራትና ስልክም በአካባቢው ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ከዚያ ሁሉ የተረፈ ዲስክ ላይ ያለ የመሬት መዝገብ፣ የተማሪዎች ውጤት ወይም በኽምጣንጛ የተዘጋጀ የማስተማሪያ ጽሑፍ ሌላ ቅጂ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ኮምፒዩተር ባልነሳ ቁጥር ምን እንደሚደረግ፣ በተለይም ምን እንደማይደረግ፣ ከሥራ ልምዴ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

ለመሆኑ ኮምፒዩተር እንዴት ይነሳል?

ቁልፉ ሲጫን መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ባዮስ ሜሞሪውን፣ ኪቦርዱንና ዲስኮቹን ይፈትሻል። ቀጥሎ ቡት ኦርደር የሚባለውን የማስነሻ ተራ አይቶ አንደኛ ወደሆነው ዲስክ ይሄዳል፤ የዲስኩንም የመጀመሪያ 512 ባይት ያነባል። ኤምቢአር የሚባለው ይህ ቦታ ማስነሻው በየትኛው ፓርቲሽን ላይ እንዳለ ይጠቁማል። እዚያ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም ደግሞ ዊንዶውስ የት እንደተጫነ የሚገልጸውን መዝገብ ከፍቶ ሥራውን ለዊንዶውስ ያስረክባል።

ዊንዶውስ 8 ከወጣበት ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች በባዮስ ፋንታ ዩኢኤፍአይ የሚባለውን ይጠቀማሉ። ይኼኛው ዲስኩ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ፓርቲሽን የማስነሻ ፋይሉን በስሙ ፈልጎ ይከፍታል። የፋይሉን አድራሻ የሚያስታውሰው ራሱ ማዘርቦርዱ ነው።

በሁለቱም አሠራር ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አንድ ነው፤ ማስነሻውና ዊንዶውስ በአንድ ዲስክ ላይ መሆናቸው ግዴታ አይደለም። ማስነሻው በአንዱ፣ ዊንዶውሱ በሌላው ላይ ሆኖ ኮምፒዩተሩ ለዓመታት ያለ ችግር ሊሠራ ይችላል።

ሁለተኛው ዲስክ ሲጨመር

በየቢሮው የተለመደው ታሪክ ይህ ነው። ኮምፒዩተሩ አርጅቶ ስለዘገየ ኤስኤስዲ ይገዛለታል። ጠጋኙ አሮጌውን ዲስክ ሳይነቅል ዊንዶውስን አዲሱ ላይ ይጭናል። የዊንዶውስ መጫኛ ግን አሮጌው ዲስክ ላይ ማስነሻ ካገኘ፣ ወይም ባዮሱ ላይ ተራው አንደኛ አሮጌው ከሆነ፣ የማስነሻ ፋይሎቹን እዚያው አሮጌው ላይ ያስቀምጣል። ማንም አያስተውልም። ከወራት በኋላ አሮጌው ሲበላሽ፣ ሲነቀል ወይም ፎርማት ሲደረግ አዲሱም አብሮ ዝም ይላል።

ሌላው የተለመደ ነገር ትንሿን ፓርቲሽን ማጥፋት ነው። በዊንዶውስ 7 100 ሜጋባይት፣ በዊንዶውስ 10 500 ሜጋባይት ገደማ የሆነች፣ ስም የሌላት የምትመስል ፓርቲሽን ትታያለች። «ምንም አትሠራም» ተብላ ትሰረዛለች። ማስነሻው ያለው ግን እሷ ላይ ነው።

መልእክቱ ምን ይላል?

ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ጽሑፍ ፍለጋው ከየት እንደሚጀምር ይነግረናል። ቁልፍ ከመነካቱ በፊት ጽሑፉን በስልክ ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል።

«ሪቡት ኤንድ ሰሌክት ፕሮፐር ቡት ዲቫይስ» ወይም «ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኖት ፋውንድ» የሚል ከመጣ፣ ኮምፒዩተሩ በተመለከታቸው ዲስኮች ላይ ማስነሻ አላገኘም ማለት ነው። ምክንያቱ የተራ መዛባት፣ የላላ ኬብል ወይም የሞተ ዲስክ ሊሆን ይችላል።

«ቡትኤምጂአር ኢዝ ሚሲንግ» የሚል ከመጣ፣ ዲስኩ ተነቧል፣ የማስነሻው ፋይል ግን በተጠቆመው ቦታ የለም። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የዚህ አቻ «ኤንቲኤልዲአር ኢዝ ሚሲንግ» ነበር።

የዊንዶውስ ምልክት ታይቶ «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» የሚል ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ ደግሞ ማስነሻው ሠርቷል፤ ዊንዶውስ ግን የራሱን ዲስክ ማንበብ አቅቶታል። ባዮስ ውስጥ የሳታ አሠራር ከኤኤችሲአይ ወደ አይዲኢ ሲቀየር ይህ ይከሰታል።

ከቀላሉ ወደ ከባዱ

1. ፍላሽ፣ ሜሞሪ ካርድና ኤክስተርናል ዲስክ ሁሉ ይነቀል። ባዮስ ከእነሱ ለመነሳት ሞክሮ የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው።

2. ሰዓቱና ቀኑ ይታይ። ኮምፒዩተሩ ወደ ብዙ ዓመት ወደኋላ ከተመለሰ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል። ሲአር 2032 የምትባል፣ ሳንቲም የምትመስል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። መብራት ለወራት በጠፋበት አካባቢ ሳይከፈት የቆየ ኮምፒዩተር ላይ ይህ የሚጠበቅ ነው። ባትሪዋ ስታልቅ የማስነሻው ተራ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ይመለሳል፤ የሳታው አሠራርም አብሮ ሊለወጥ ይችላል። ባትሪ ቀይሮ ተራውን ማስተካከል ብቻውን ብዙ «የሞቱ» ኮምፒዩተሮችን ያስነሳል።

3. ባዮስ ውስጥ ገብቶ ሁሉም ዲስኮች መታየታቸው ይረጋገጥ። በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10 ይጫናል። የማይታይ ዲስክ ካለ ኮምፒዩተሩ ከሶኬት ተነቅሎ የመረጃና የኃይል ኬብሎቹ ወጥተው እንደገና ይሰኩ፤ ኬብሎቹን ማቀያየርም ጥሩ ነው። በሰፊ ሪባን ኬብል በሚሠሩት አሮጌ አይዲኢ ዲስኮች ላይ አንዱ ማስተር፣ ሌላው ስሌቭ ተብሎ በጃምፐር መለየት አለበት።

4. ኃይሉም ይጠርጠር። ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ከወትሮው በላይ ኃይል ይስባል። ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማንሳት አቅቶት አንዱ ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

5. ከእያንዳንዱ ዲስክ ለየብቻ ለመነሳት ይሞከር። በዴል ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ሲጫን የዲስኮቹ ዝርዝር ይመጣል። በአንዱ ከተነሳ ችግሩ የተራ ብቻ ነበር፤ ባዮስ ውስጥ ተራውን ማስተካከል ይበቃል።

6. ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካለው እዚህ ላይ ይቁሙ። ደጋግሞ ማብራት ጉዳቱን ያብሳል። ከሁሉ በፊት ሰነዶቹ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጡ። ዲስክ የሚያርሙ ፕሮግራሞችም በእንዲህ ያለ ዲስክ ላይ ከመገልበጡ በፊት አይሞከሩ።

አንድ ምሳሌ ከፃግብጂ

ባለፈው ዓመት ከአንድ የፃግብጂ ጽሕፈት ቤት የመጣ ኮምፒዩተር ሰቆጣ ላይ አይቼ ነበር። 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲና 160 ጊጋባይት አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነበረው። አሮጌው መንቋቋት ስለጀመረ የቢሮው ሠራተኛ ኬብሉን ነቅሎታል፤ ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሩ ማስነሻ የለም ይላል። «ኤስኤስዲውም ተበላሽቷል፣ ሁለቱም ፎርማት ይደረጉ» የሚል ምክርም አብሮት መጥቷል።

የአሮጌውን ኬብል መልሼ ስሰካ ኮምፒዩተሩ ተነሳ። ዊንዶውሱ ኤስኤስዲው ላይ፣ ማስነሻው ግን በመሞት ላይ ባለው ዲስክ ላይ ነበር። ከማስነሻው በፊት ሰነዶቹን ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ገለበጥኩ። የተወሰኑ ፋይሎች አልተነበቡም፤ የደመወዝ መዝገቡና የጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤዎች ግን ተርፈዋል። ምክሩ ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ከዚህ አንዱም አይገኝም ነበር።

ማስነሻውን ወደ ትክክለኛው ዲስክ ማዛወር

ለዚህ የሚያስፈልገው የዊንዶውስ መጫኛ ያለበት ፍላሽ ብቻ ነው፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። መጀመሪያ ዊንዶውስ ከሌለበት ዲስክ ኬብሉ ይነቀል። ይህ የቀሩት ሁሉ መሠረት ነው፤ ያልተሰካ ዲስክ በስህተት አይሰረዝም፣ ማስነሻውም ወደተሳሳተው ቦታ አይሄድም።

ከዚያ በፍላሹ አስነስቶ «ኢንስቶል» የሚለውን ሳይሆን «ሪፔር ዩር ኮምፒዩተር» የሚለውን መምረጥ ነው። «ስታርትአፕ ሪፔር» የሚባለው አማራጭ ማስነሻውን በራሱ ለመሥራት ይሞክራል። አንዴ ሞክሮ ካልተሳካለት ተስፋ አይቆረጥም፤ ኮምፒዩተሩን እያጠፉ እስከ ሦስት ጊዜ መድገም የተለመደ ነው። እሱም ካልሠራ ቢሲዲቡት የተባለው ትእዛዝ የማስነሻ ፋይሎቹን ከዊንዶውስ ፎልደር ወስዶ እንደ አዲስ ይጽፋል። በባዮስ አሠራር ፓርቲሽኑ «አክቲቭ» መባል፣ ኤምቢአሩም በቡትሬክ ትእዛዝ መታደስ አለበት። በዩኢኤፍአይ ደግሞ ዲስኩ ላይ ፋት 32 የሆነች ትንሽ የማስነሻ ፓርቲሽን መኖር አለባት፤ ከሌለች ከሲ ፓርቲሽን ላይ ጥቂት ቦታ ተቀንሶ ትሠራለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ዲስካቸው በቢትሎከር የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። የማስነሻው አሠራር ሲነካ ባለ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃሉ። ቁጥሩ ከሌለ ሰነዱን መክፈት ስለማይቻል፣ ምንም ከመነካቱ በፊት ተገኝቶ በወረቀት ይጻፍ።

ሳይበላሽ በፊት

ኮምፒዩተርዎ አሁን እየሠራ ከሆነ የሁለት ደቂቃ ፍተሻ ያድርጉ። «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚለውን ይክፈቱና ከፓርቲሽኖቹ ሥር የተጻፈውን ያንብቡ። «ሲስተም» የሚል ቃል ያለበት ማስነሻው የተቀመጠበት ነው፤ «ቡት» የሚል ያለበት ዊንዶውሱ ያለበት ነው። ስያሜው የተገላበጠ ቢመስልም ማይክሮሶፍት የሚጠራቸው እንዲህ ነው። ሁለቱ ቃላት በተለያዩ ዲስኮች ላይ ከታዩ ኮምፒዩተርዎ በሁለት ዲስኮች ጤንነት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው፤ አንዱ ቢሞት አይነሳም።

ይህ ፍተሻ አሁን ይበልጥ ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ብዙ ቢሮዎች ወደ ዊንዶውስ 11 ሲሸጋገሩ ዲስካቸው ከኤምቢአር ወደ ጂፒቲ፣ ባዮሳቸውም ወደ ዩኢኤፍአይ መቀየር ይኖርበታል። ማስነሻው የት እንዳለ ሳይታወቅ ይህን መጀመር ከላይ ያየነውን ችግር መጋበዝ ነው።

ዊንዶውስ ሲጫን ከሚጫንበት ዲስክ በቀር የሌሎቹ ኬብል ሁሉ ይነቀል፤ ተጭኖ ሲያልቅ ይመለስ። በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ «ዊንዶውስ ያለበት»፣ «ሰነድ ብቻ» የሚል ወረቀት ይለጠፍ። የማይተኩ ሰነዶች ከኮምፒዩተሩ ውጪ ሌላ ቅጂ ይኑራቸው። ኮምፒዩተሩን ወደ ጠጋኝ ሲልኩም «ሳያስጠይቁ ፎርማት አይደረግ» ብለው ጽፈው አብረው ይላኩ።