ከሙላጎ እስከ ሚክ፦ የአንድ ዕጢ ታሪክ



ትራንስክሪፕሽን ፋክተሮች የትኛው ዘረ መል መቼና ምን ያህል እንደሚነበብ የሚወስኑ ፕሮቲኖች ናቸው። በካንሰር ውስጥ ያላቸው ድርሻ ሲተረክ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች ይጀምራል። እኔ ግን ከካምፓላ መነሣትን እመርጣለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1957 በሙላጎ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበሩት ዴኒስ በርኪት፣ መንጋጋው በግራም በቀኝም፣ በላይም በታችም ያበጠ አንድ ሕፃን እንዲያዩ ተጠሩ። ብዙም ሳይቆይ በጂንጃ ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ሌላ ሕፃን አጋጠማቸው። በ1958 ግኝታቸውን አሳተሙ። በ1961 ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በመኪና እስከ ደቡብ አፍሪካ ተጉዘው ከ50 የሚበልጡ ሆስፒታሎችን ጎበኙ። ዕጢው ሞቃትና ዝናባማ ቆላን የሚከተል ሆኖ ተገኘ፤ በምድር ወገብ አካባቢ ከ1,500 ሜትር ገደማ በላይ እምብዛም አይታይም ነበር። ወባ ቆላውን ከደጋው እንዴት እንደሚለይ ለሚያውቅ የአገራችን አድማጭ ይህ መስመር እንግዳ አይሆንበትም።

በርኪት በ1961 ለንደን ላይ የሰጡትን ገለጻ ካዳመጡት አንዱ አንቶኒ ኤፕስታይን ነበሩ። እርሳቸው፣ በርት አቾንግና ኢቮን ባር በ1964 በዕጢው ሕዋሳት ውስጥ ቫይረስ ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። ብዙ ጸሐፊዎች ትረካቸውን በዚህ ድል ይዘጋሉ፤ በእኔ ግምት ግን ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ቫይረሱ በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ሰውነት ውስጥ አለ፤ ዕጢው የሚይዘው ግን ጥቂቶችን ነው። ታዲያ በሕዋሱ ውስጥ ምን ተለወጠ?

በ1972 የ14ኛው ክሮሞዞም ጫፍ ትርፍ ቁራጭ እንደተቀጠለበት ታየ። በ1976 ቁራጩ ከ8ኛው ክሮሞዞም የመጣ መሆኑ ተገለጠ። በ1982 በስብራቱ ስፍራ ሚክ የተባለው ዘረ መል እንደሚገኝ ታወቀ፤ ስሙን ያወረሰው በዶሮዎች ላይ ካንሰር የሚያስከትል ቫይረስ ነው።

ሚክ ራሱ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ይሠራል። ጤናማ ሕዋስ ፕሮቲኑን የሚያመርተው ለማደግ ሲታዘዝ ነው፤ ከተመረተም ውስጥ ግማሹ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈርሳል። በዚህ ዕጢ ውስጥ ግን ዘረ መሉ ፀረ እንግዳ አካል ከሚያስመርተው ዘረ መል ጎን ተዛውሯል። ቢ ሊምፎሳይት የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ይህን ሰፈር ያለ ዕረፍት ያነበዋል። ስለዚህ ዋናው ጥፋት የጉርብትና ነው ለማለት እደፍራለሁ፤ ሚክ የጎረቤቱን ትእዛዝ እንደ ራሱ ይፈጽማል። በ1991 ከተገለጠው ባልንጀራው ከማክስ ጋር ተጣምሮ ዲኤንኤ ላይ ሲያርፍ የፕሮቲን ምርቱም ክፍፍሉም ይፋጠናል። ዕጢው በአንድ ወይም በሁለት ቀን እጥፍ ሊሆን ይችላል።

የካንሰር ሥርጭት የሌሎች ፋክተሮች ታሪክ ነው። ለምሳሌ መጀመሪያ በዝንብ ጽንስ ዕድገት የታወቀው ትዊስት፣ የአይጥ ጡት ካንሰር ወደ ሳንባ እንዲዛመት እንደሚረዳ በ2004 ታይቷል።

ሚክን ግን በቀጥታ ለመምታት እስከ ዛሬ አዳጋች ነው፤ ፕሮቲኑ መድኃኒት የሚሰካበት ጥርት ያለ ጎድጓዳ ቦታ የለውም። ለእነዚህ ሕፃናት የሚሰጡት ዋና መድኃኒቶች የሚገድሉት በመከፋፈል ላይ ያለን ሕዋስ ነው። በርኪት በ1960ዎቹ ካምፓላ ውስጥ ካከሟቸው ሕፃናት አንዳንዶቹ የዳኑት በዚሁ መንገድ ነበር፤ ዕጢው በፍጥነት መከፋፈሉ ለመድኃኒቱ አጋልጦታል።