የመጀመሪያ ሞተርሳይክል ምርጫ ለረጅም ተለማማጆች (ታላቋ ብሪታኒያ)

በታላቋ ብሪታኒያ፣ ማለትም በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ፣ ወጣት ተለማማጅ የሚነዳው የመጀመሪያ ሞተርሳይክል ዓይነት በእድሜውና በመንጃ ፈቃዱ ደረጃ ይወሰናል። ሕጉ ለጀማሪ የሚፈቅደው አነስተኛ ኃይል ያለውን ሞተር ብቻ ሲሆን፣ እንዲህ ያሉት ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ በአካላቸውም ትንንሽ ናቸው። በዚህ የተነሳ ቁመቱ ወደ 1.90 ሜትር የሚጠጋ የ17 ዓመት ወጣት ጉልበቱ ተጣጥፎ፣ ጀርባው ጎብጦ የሚነዳበት ሁኔታ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚገድበው የሞተሩን መጠንና ኃይል እንጂ የመቀመጫውን ከፍታ ስላልሆነ፣ በተፈቀደው ክልል ውስጥም ለረጅም ሰው የሚበቃ ሞተር ማግኘት ይቻላል።

የሕጉ ገደብ

አንድ ወጣት በ16 ዓመቱ ሞፔድ፣ ማለትም ከ50 ሲሲ የማይበልጥና ፍጥነቱ በሰዓት በ45 ኪሎ ሜትር የተገደበ ሞተር መንዳት ይችላል። በ17 ዓመቱ እስከ 125 ሲሲና እስከ 11 ኪሎዋት (15 የፈረስ ጉልበት ገደማ) ይፈቀድለታል። ወደ መንገድ ከመውጣቱ በፊት ግን ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ የሆነውን መሠረታዊ ሥልጠና መውሰድ አለበት። የሥልጠናው ምስክር ወረቀት ለ2 ዓመት ያገለግላል። ሙሉ ፈቃድ እስኪያገኝም ድረስ ቀይ «ኤል» ፊደል ያለበት ሰሌዳ ይለጥፋል፤ ሰው ማፈናጠጥም ሆነ በፈጣን አውራ ጎዳና መንዳት አይችልም።

ቀጣዩ ደረጃ በ19 ዓመት የሚገኘው «ኤ2» ሲሆን ገደቡ 35 ኪሎዋት ነው። ገደብ የሌለው ፈቃድ በኤ2 ላይ 2 ዓመት ለቆየ በ21 ዓመት፣ በቀጥታ ለሚፈተን ደግሞ በ24 ዓመት ይሰጣል። የአሁኑ አከፋፈል የጸናው ከጥር 2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው።

ገደቡ ሁልጊዜ እንዲህ ጠባብ አልነበረም። ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተለማማጅ እስከ 250 ሲሲ መንዳት ይችል ነበር። የዚያ ዘመን 250 ሲሲ ሞተሮች ብዙዎቹ ሙሉ አካል የነበራቸው ናቸው፤ ለምሳሌ በ1970ዎቹ የተሠራው ያማሃ አርዲ 250 በአካሉ ከታላቅ ወንድሙ ከአርዲ 400 እምብዛም አይለይም ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. ገደቡ ወደ 125 ሲሲና ወደ 12 የፈረስ ጉልበት ሲወርድ ኃይሉ ብቻ ሳይሆን አካሉም አብሮ አነሰ።

ከመቀመጫ ከፍታ ባሻገር

ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የመቀመጫ ከፍታን ነው። ይህ ቁጥር ይበልጥ የሚጠቅመው እግሩ መሬት መድረሱን ለሚጠራጠር አጭር ሰው ነው። ለረጅም ሰው ዋናው ነገር በመቀመጫው፣ በእግር መርገጫውና በመሪው መካከል ያለው ርቀት ነው። ከመቀመጫው እስከ መርገጫው ያለው ርቀት ካጠረ ጉልበት ከመጠን በላይ ይታጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይነዳም ዳሌና ጉልበት መታመም ይጀምራሉ። ከመቀመጫው እስከ መሪው ያለው ካጠረ ደግሞ ክንድ ይጨናነቃል፤ ጉልበትም መሪውን ይነካል።

የውድድር ሞተር መልክ ያለው ያማሃ አር125 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። መቀመጫው 820 ሚሊሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው በወረቀት ላይ ሲታይ ለረጅም ሰው የሚስማማ ይመስላል። መርገጫዎቹ ግን ከፍ ብለው ወደ ኋላ የተሠሩ፣ መሪውም ዝቅ ያለ በመሆኑ ረጅም ነጂ ተጣጥፎ ይቀመጥበታል። ባለ 790 ሚሊሜትሩ ሆንዳ ሲቢ125ኤፍ በቁጥር ያንሳል፤ ሆኖም ቀጥ ብሎ ያስቀምጣል። ባለ 12 ኢንች ጎማው ሆንዳ ግሮም መቀመጫው 761 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የቱንም ያህል ቢያምር ለረጅም ሰው የሚመከር አይደለም።

በዚህ ደረጃ ለረጅም ሰው በአካል የሚቀርቡት የኮረኮንች ሞተሮች ናቸው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት የተሸጠው ያማሃ ደብልዩአር125አር መቀመጫው 930 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ይህ ከብዙዎቹ ትልልቅ ሞተሮች ይበልጣል። መሪያቸው ሰፊና ከፍ ያለ፣ መቀመጫቸው ረጅምና ጠፍጣፋ ስለሆነ ነጂው እንደልቡ ወደፊትና ወደኋላ ይላል። ጉድለታቸው መቀመጫው ጠባብና ጠንካራ መሆኑ፣ ንፋስም ያለ ከልካይ ደረት ላይ ማረፉ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ሞተሩን ቆሞ ማየት አይበቃም፤ መቀመጥ ያስፈልጋል። ነጂው ለመንገድ የሚለብሰውን ጃኬትና ቦት ጫማ አድርጎ ይቀመጥና ሁለቱን እግሮች መርገጫው ላይ ያሳርፋል። ከዚያም መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል። መሪው ወይም ፍሪሲዮን የያዘው እጅ ጉልበቱን የሚነካ ከሆነ ሞተሩ ለእሱ አይሆንም። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በመንጃ ፈቃድ ፈተናው የመጀመሪያ ክፍል ተፈታኙ በጠባብ ቦታ ዞሮ መመለስና በእግር ጉዞ ፍጥነት መንዳት አለበት። መሪው ጉልበቱ ላይ የሚቆምበት ተፈታኝ መስመሩን አልፎ ይወጣል፣ ወይም እግሩን መሬት ያስነካል።

ቀጥሎ የሚታየው እግር ነው። ትልቅ ጫማ ከማርሽ መቀየሪያው ሥር ካልገባ ነጂው ማርሽ ለመጨመር መላ እግሩን ከመርገጫው ያነሳል። የኋላ ፍሬን ፔዳልም እንዲሁ ይፈተሻል። ሁለቱንም በቀላል ማስተካከያ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ስለሚቻል፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ሞተሩን መተው አያስፈልግም።

የክብደት ነገርም አለ። ሲቢ125ኤፍ 117 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። 95 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲቀመጥበት ከጠቅላላው ክብደት ግማሽ የሚጠጋው ነጂው ነው፤ ረጅም ከሆነ ደግሞ ክብደቱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ክብደቱ ይበልጥ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ ይቀልልና መንሸራተት ይቀናዋል። የኋላውን ሞላ ለነጂው ክብደት ማጥበቅ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ሆኖ ሳለ ብዙ ጀማሪዎች ይረሱታል። ዳገት ላይም 11 ኪሎዋት ሊያንስ ይችላል፤ ማርሽ ቀንሶ መውጣት እንጂ ሞተሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ማሻሻያዎች

መቀመጫውን በስፖንጅ ማስወፈር ርካሹና ጉዳት የሌለው መፍትሔ ነው። መርገጫን ዝቅ ማድረግ ለጉልበት ይረዳል፤ ነገር ግን ሞተሩ በኩርባ ላይ ሲያዘነብል መርገጫው ቶሎ አስፋልት ይነካል። መሪን ከፍ የሚያደርግ ማያያዣ ሲገጠም የፍሬን ቱቦውና የፍሪሲዮን ገመዱ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር እንዳይወጠሩ መታየት አለበት። አጭር የንፋስ መከላከያ ደግሞ ንፋሱን በቀጥታ ወደ ረጅም ሰው ሄልሜት ይልከዋል፤ አንዳንዴ ጨርሶ ማንሳቱ ይሻላል። ማንኛውም ለውጥ ለኢንሹራንስ ኩባንያው መነገር አለበት።

የኃይል ገደቡን ማስነሳት ወይም በተለማማጅ ፈቃድ ትልቅ ሞተር መንዳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቁመት ለዚህ ምክንያት አይሆንም፤ የሚጎድለው ቦታ እንጂ ኃይል አይደለም። ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ከ6 እስከ 8 የቅጣት ነጥብ ያስከትላል፤ ፖሊስም ሞተሩን መያዝ ይችላል።

በ19 ዓመት

በኤ2 ደረጃ ምርጫው በጣም ይሰፋል። ሆንዳ ሲቢ500ኤክስ ኃይሉ ልክ በ35 ኪሎዋት ገደብ ላይ ያለ ሲሆን፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ መቀመጫው 830 ሚሊሜትር ነው። የሮያል ኤንፊልድ ሂማልያን 450 መቀመጫ በ825 እና በ845 ሚሊሜትር መካከል ይስተካከላል። ሆንዳ ሲአርኤፍ300ኤል 880 ሚሊሜትር ሲሆን 142 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። ሲቢ500ኤክስ በአንጻሩ ወደ 200 ኪሎ ይጠጋል፤ ረጅም እግር ያለው ጀማሪም ቢሆን በቆመበት ካዘነበለ በኋላ መልሶ ማቅናቱ ይከብደዋል።