የ«ኦድስ» ጥምርታ ታሪክና የስያሜው ጥያቄ

በ1950 እ.ኤ.አ. ዶልና ሂል በእንግሊዝ አገር የሳንባ ካንሰር የያዛቸውን 649 ወንዶች ሌላ ሕመም ካለባቸው 649 ወንዶች ጋር አነጻጸሩ። ከፊተኞቹ የማያጨሱት 2፣ ከኋለኞቹ 27 ሆነው ተገኙ። ምርመራው ከሕሙማን ስለ ተነሣ፣ ከአጫሾች ስንቱ እንደሚታመም በቀጥታ አያሳይም። በ1951 ኮርንፊልድ፣ በሽታው ጥቂቶችን ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ የ«ኦድስ» ጥምርታ ለአደጋው ጥምርታ እንደሚቀርብ አስረዳ፤ ከላይ ባለው ቁጥር ውጤቱ 14 ያህል ነው።

ብዙዎችን ሲይዝ ግን ይራራቃሉ። መድኃኒት ከወሰዱ 100 ሰዎች 50፣ ካልወሰዱ 100 ሰዎች 25 ቢታመሙ፣ የአደጋው ጥምርታ 2፣ የኦድሱ 3 ይሆናል። ሁለቱን «ዕድል» በሚል አንድ ቃል መተርጐም ስለዚህ አደጋውን ያጋንናል። «አደጋ» የታመሙት ለጠቅላላው፣ «ኦድስ» የታመሙት ላልታመሙት ያላቸው ንጽጽር ነውና፣ ተስማሚ ስያሜ እስኪገኝ «ኦድስ»ን እንዳለ መያዙን እንመርጣለን።