ስለ ሞተር ዘይትና ስለ ሪራ ቁልቁለት

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ የሳነቴን አምባ አቋርጦ፣ 4377 ሜትር ከፍታ ያለውን የቱሉ ዲምቱን ተራራ በጎኑ ትቶ ካለፈ በኋላ፣ ጅባራ የቆመበትና ቀይ ቀበሮ የሚያድንበት ያ ሰፊ ሜዳ በድንገት ያልቅና፣ ወደ ሐረና ደን የሚወርድ ጥምዝምዝ ቁልቁለት ይጀምራል፤ መንገዱም በአስታው ቍጥቋጦ መካከል ሲወርድ ቆይቶ፣ ወደ 3000 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ፣ ኮሶውና ቀርከሃው በሚበረክትበት ስፍራ የሪራን መንደር ያገኛል። ሾፌር እዚህ ሲደርስ መኪናውን አቁሞ የፍሬኑን ሽታ ያበርዳል፤ አስተዋይ የሆነ እንደ ሆነም የሞተሩን ክዳን ከፍቶ የዘይቱን ልክ ያያል።

ሞተር ወደዚህ አገር ከመምጣቱ አስቀድሞ የዚህ ዳገት ጌታ ፈረስ ነበረ። የሐረና ማርና የደን ቡና በአጋሰስ ተጭኖ ወደ ደጋው ገበያ ይወጣ ነበር፤ ከብት አርቢውም ጎዳንቱ በሚባለው ሥርዓት ወቅትን እየተከተለ መንጋውን ከደጋው ወደ ደኑና ወደ ሆራው ያዛውር ነበር። ፈረስ የሚበላው ሣር በመንገዱ ዳር የበቀለ ስለ ሆነ፣ ከጎባ እስከ ሪራ ምን ያህል በላ ብሎ ሒሳብ የያዘበት ነጋዴ ያለ አይመስለኝም። ሞተር ግን ከልደቱ ጀምሮ ሁለት መብል ያለው ፍጡር ነው፤ ቤንዚኑን ወይም ናፍታውን በግልጥ ይበላል፣ ዘይቱን ደግሞ በስውር። ዛሬ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ አዲስ የስፖርት መኪና የገዛ ሰው ሞተሩ ዘይት ሲጎድልበት ባየ ጊዜ እንደ ተከዳ ሆኖ የሚያዝነው ይህንን የጥንት ታሪክ ስላልሰማ ይመስለኛል።

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሊ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ የዎልስሊ ሲድሊ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን፣ በዓለም ላይ ከነበሩት ሞተሮች የብዙዎቹ ዘይት በጠብታ እየወረደ ብረቱን ካለዘበ በኋላ ከፊሉ ተቃጥሎ፣ ከፊሉም መሬት ላይ ፈስሶ የሚቀር ነበረ እንጂ እንደ ዛሬው ተመልሶ የሚዞር አልነበረም። ስለዚህ ዘይት መብላት በዚያን ጊዜ ደዌ ሳይሆን ሥርዓት ነበረ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የበረሩት፣ ኖም የተባለው ዓይነት የሚሽከረከር ሞተር የተገጠመላቸው አውሮፕላኖችማ የሚያቃጥሉት ዘይት ከጉሎ ፍሬ የተጨመቀ ነበር፤ ያው በየጓሯችን በቅሎ ምጣድ የምናሰስበት ጉሎ ማለት ነው። ካስትሮል የተባለው የታወቀው ዘይትም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከጉሎ ዘይት ነው።

ይህን ስውር መብል የሚገታው፣ መካኒኮቻችን ፋሻ የሚሉት፣ በፒስተኑ ወገብ ላይ የሚታሰረው ቀጭን የብረት ቀለበት ነው። አንድ ወገኑ የተሰነጠቀውንና በራሱ ግፊት ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚጣበቀውን ፋሻ እንግሊዛዊው ጆን ራምስቦተም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1852 ለእንፋሎት ሞተር ሠራው፤ ዘይቱን ጠርጎ ወደ ታች የሚመልሰው ልዩ ፋሻ ግን የመጣው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ፣ በአውቶሞቢል ዘመን ነው። ይሁን እንጂ ፋሻው ምን ጊዜም ግድግዳውን ጨርሶ አያደርቅም፤ ቢያደርቀው ብረት ከብረት ተፋጭቶ ሞተሩ ይነክሳልና፣ ጥቂት ዘይት ለእሳት ግብር መስጠት የግድ ነው።

በ1928 ዓ.ም. የገባው የኢጣልያ ጦር ካመጣቸው የጭነት መኪናዎች መካከል በሕዝባችን ዘንድ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የፊያት መኪና የታወቀ ነው፤ ጠላት ከወጣ በኋላ እነዚህ መኪናዎች በኢትዮጵያውያን እጅ ገብተው የአገሪቱን ንግድ ከጋማ ከብት ጀርባ ላይ ማውረድ ጀመሩ፤ የጋራዡ ግብረ እድም ከነኢጣልያንኛ ቃላቱ ከዚያው ዘመን ተወርሶ ቀረ። ከሻሸመኔ ወደ ጎባ የሚመጣው መንገድ ለብዙ ዘመን የኮረት መንገድ ስለ ነበረ፣ የባሌ ሞተር ዋነኛ ጠላቱ አቧራ ነበረ፤ በማጣሪያው አልፎ የገባ አቧራ ከዘይት ጋር ተለውሶ ፋሻውንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋልና። ስለዚህ የድሮው ላንድሮቨር አየሩን በዘይት ገንዳ ውስጥ አሳልፎ የሚያጠራ ማጣሪያ ነበረው። ያንን ገንዳ በየጊዜው ያጠበ ሾፌር ሞተሩን በቶሎ አላወረደም።

አቧራ የሚያመጣው በሽታ የእርጅና በሽታ ነው። የሪራ ቁልቁለት የሚገልጠው ግን ሌላ ነው፤ አዲሱንም ሞተር ይነካል። በሳነቴ አናት ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 60 ከመቶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር ከጉልበቱ ሲሦውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል፤ ሾፌሩም ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን በከፍተኛ ዙር እያስጮኸ ይወጣል፣ ዙር በበዛ መጠንም ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ የሚረጨው ዘይት ይበዛል። ከዚያም ቁልቁለቱ ሲጀምር እግሩን ከነዳጅ መስጫው አንሥቶ በማርሽ ሲወርድ፣ የቤንዚን ሞተር የአየር በሩ ተዘግቶ ሳለ ፒስተኖቹ አየር ፍለጋ ይስባሉ፤ አየር ቢያጡ ዘይቱን ከታች በፋሻው፣ ከላይም በቫልቩ ዘንግ ላይ በለበሰችው ትንሽ ጎሚኒ በኩል ይስቡታል። ሪራ ደርሶ እንደገና ነዳጅ ሲሰጥ ከኋላ ቦግ የሚለው ሰማያዊ ጭስ የዚያ ዘይት ኑዛዜ ነው። የናፍታ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የአየር በር ስለሌለው በዚህ መንገድ እምብዛም አይፈተንም፤ የጭነት መኪና ሾፌርም በስፖርት መኪናው ጭስ የሚስቀው ያለ ምክንያት አይደለም። እርግጥ ወደ ሪራ የስፖርት መኪና ይዞ የሚወርድ ሰው ብርቅ ነው፤ እንጦጦን ወይም የዓባይን በረሃ የሚወርድ ግን አይታጣም፣ ሕጉም አንድ ነው።

አዲሱ የስፖርት ሞተር ከዚህ በላይ የራሱ ምክንያቶች አሉት። በፋብሪካ የሲሊንደሩ ግድግዳ ሆን ተብሎ በጥቃቅን መስቀለኛ ጭረቶች ይሸረከታል፤ ፋሻው በእነዚህ ጭረቶች ላይ ተሞርዶ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ሮዳጅ የሚባለው ጊዜ ያስፈልገዋል፤ በዚህም ጊዜ ባለቤቱ ከመሳሳት የተነሣ ሞተሩን ጠንከር አድርጎ ሳያሠራው ቢቀር፣ ግድግዳው እንደ መስተዋት ለስልሶ ፋሻው ሳይቀመጥ ይቀራል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል የዘመኑ ፋሻ ቀጥኗል፣ ግፊቱም ላልቷል። ማዝዳ አርኤክስ 8ን የመሰለው ባለ ሮታሪ ሞተር መኪናማ ዘይትን ወደ እሳቱ የሚያስገባ ፓምፕ ከነስሙ ተሠርቶለታል፤ እርሱን ዘይት በላህ ብሎ መክሰስ ፈረስን ሣር በላህ ብሎ እንደ መክሰስ ነው። አንዳንድ ሠሪዎች በ1000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር የሚደርስ ጉድለት የተፈቀደ ነው ብለው በመመሪያቸው ይጽፋሉ። ይህ ልክ ለሠሪው እጅግ የበዛ ቸርነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ክርክር ሲመጣ የሚጠቀሰው ሕግ እርሱ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አዲሱ መኪናህ ዘይት ቢጎድልበት ሞተሩ ይውረድ ለሚልህ ሰው አትቸኩል። ለጥ ባለ ስፍራ አቁመህ፣ የሞቀውን ሞተር አጥፍተህ ጥቂት ደቂቃ ከጠበቅህ በኋላ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሙላ፣ ኪሎ ሜትሩንም ጻፍ፤ 1000 ኪሎ ሜትር ከሄድህ በኋላ እንደዚያው አድርገህ እስከዚያው ምልክት ለመመለስ የጨመርኸውን ለካ። ጉድለቱ ከወር ወደ ወር እያነሰ ከሄደ ፋሻው ቦታውን እየያዘ ነውና ተወው። በመመሪያው ከተጻፈው ልክ ካለፈ ግን የጻፍኸውን መዝገብ ይዘህ፣ የዋስትናው ዘመን ሳያልቅ ወደ ሸጠልህ ድርጅት መልሰው።